እንጀራ በአዳማ ሙቀት፦ ከጤፍ መረጣ እስከ መሶብ

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ቤት የቀየረ ቤተሰብ የመጀመሪያው ወር እንጀራው ብዙ ጊዜ ይኮመጥጥበታል። ጤፉ ያው ነው፤ እርሾውም ከዕቃው ጋር ተጭኖ የመጣ ነው። የተለወጠው አየሩ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ አዳማ ግን ስምጥ ሸለቆ ውስጥ 1600 ሜትር ግድም ላይ ነው የተቀመጠችው። በተለይ ከየካቲት እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ቀን ላይ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ቢያልፍ የሚገርመው የለም። ደጋ ላይ ሁለት ሦስት ቀን የሚፈጅ ሊጥ እዚህ በአንድ ቀን ይደርሳል፤ የደጋውን ቀን ቆጥሮ የሚጠብቅ ሰው ሲመጣ ያለፈበት ሊጥ ያገኛል።

ከዚህ በታች ሰዓት እንጠቅሳለን፤ ሰዓቱ ግን መነሻ ብቻ ነው። የሚያዘው ሊጡ ነው። መጠኑ የተሰላው ለ5 ኪሎ የጤፍ ዱቄት ሲሆን፣ 58 ወይም 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ምጣድ ከ25 እስከ 30 እንጀራ ይወጣዋል።

ጤፉን መምረጥ

አዳማ ለጤፍ የታደለች ከተማ ናት። በሰሜን ምዕራብ ሉሜና አድአ፣ በሰሜን ደግሞ ምንጃር አሏት፤ ሁሉም በነጭ ጤፋቸው ስም ያተረፉ ናቸው። ለዚህም ነው ገበያ ውስጥ ያለ ጆንያ ሁሉ «የአድአ ማኛ ነው»፣ «የምንጃር ነው» የሚባለው። ከየት እንደመጣ በዓይን መለየት ስለማይቻል፣ የአገሩን ስም ትታችሁ እህሉን ራሱን መርምሩ።

ማኛ የሚባለው በጣም ነጩና ዋጋው የናረው ነው። ከሱ ዝቅ ብሎ ነጭ፣ ቀጥሎ ነጭና ቀይ የተደባለቀበት ሰርገኛ፣ ከዚያም ቀይ ጤፍ አለ። ድሮ ነጩ ለጌታ፣ ቀዩ ለሎሌ ነበር፤ ዛሬም ዋጋው ያንን ደረጃ እንደያዘ ነው። በጣዕም ከሄድን ግን ነገሩ ሌላ ነው፦ ሰርገኛ ለዘወትር ማዕድ ከማኛ አያንስም፣ እንዲያውም የወጡን ቅባት ይዞ ጣዕሙን ያጎላል። ማኛውን ለበዓልና ለድግስ ብታቆዩት ገንዘባችሁም ይተርፋል። ገበያውን የሞላው አንዱ ዝርያ ቁንጮ ነው። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ካዳቀለው በኋላ በ2006 እ.ኤ.አ. ለገበሬው ተለቀቀ። ምርቱ ከፍ ያለ፣ ፍሬውም ነጭ ስለሆነ ገበሬውንም ነጋዴውንም አስማማ።

አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ተደምሮ ክብደቱ 0.3 ግራም አካባቢ ነው። በዚህ ሂሳብ አንድ ኪሎ ውስጥ ሦስት ሚሊዮን ገደማ ፍሬ አለ ማለት ነው፤ እንደ ምስር በእጅ ይለቀም ማለት አይታሰብም። አውድማ ላይ በከብት የተወቃ ጤፍ ደግሞ አፈርና ደቃቅ አሸዋ ይዞ ይመጣል፤ አሸዋው ፍሬውን ስለሚያክል ወንፊት አይለየውም። ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጤፍ ነጭ ሳህን ላይ አድርጉና ውሃ ጨምሩበት። ሳህኑን በቀስታ እያወዛወዛችሁ ውሃውንና ጤፉን በአንድ በኩል አፍስሱ። አሸዋው ከባድ ስለሆነ ሳህኑ ግርጌ ላይ ይቀራል። ከጥቂት ፍሬ በላይ ካያችሁ ሌላ ጆንያ ጠይቁ። ነጋዴው «ሁሉም ያው ነው» ካለ ሱቁን ቀይሩ።

ጤፍ ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ ይታጨዳል። ትኩሱን ጤፍ ጥር ላይ ገዝቶ ወዲያው ማስፈጨት አይመከርም፤ ሊጡ ይቀጥናል፣ እንጀራውም ምጣድ ይይዛል። ሁለት ሦስት ወር የከረመ ጤፍ ይሻላል። ነገሩ ፍርድ ቤት የደረሰ ነው። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በ2007 እ.ኤ.አ. በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ የፈጠራ መብት ወስዶ ነበር፤ የመብቱ እምብርት ደግሞ ጤፍ ከታጨደ በኋላ ከርሞ ሲፈጭ ዱቄቱ ለመጋገር ይመቻል የሚል ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የሄግ ፍርድ ቤት ይህ ፈጠራ አይባልም ብሎ መብቱን በኔዘርላንድ ውድቅ አደረገው። የእኛ ባለሙያዎች ዳኛ ሳያስፈልጋቸው የሚያውቁት ነገር ነበር።

ወፍጮ ቤት

ለአንድ ወር የሚበቃችሁን ብቻ አስፈጩ፤ ለአምስት ሰው ቤተሰብ 25 ኪሎ ጥሩ መነሻ ነው። ጤፍ የሚፈጨው ከነገለፈቱና ከነፅንሱ ስለሆነ ዱቄቱ ውስጥ ቅባት አለ፤ ይህ ቅባት በአዳማ ሙቀት ሲከርም ይሸታል። ፍሬው ግን ሳይፈጭ ደረቅ ቦታ ቢቀመጥ ዓመትም አይጎዳም። ስለዚህ በኩንታል ግዙ፣ በትንሽ በትንሹ አስፈጩ።

ወፍጮ ቤት ስትደርሱ ከእናንተ በፊት ምን እንደተፈጨ ጠይቁ። በርበሬ ወይም ሽሮ ከነበረ ተራችሁን ለሌላ ሰው ልቀቁ ወይም ሌላ ወፍጮ ፈልጉ። ዱቄቱን በሁለት ጣት እሹት፤ እንደ ታልክ ፓውደር ከላመ ጥሩ ነው፣ ሻከር ካለ ደግሞ አንድ ጊዜ ይመለስላችሁ። ሸካራ ዱቄት ሊጥ ውስጥ ወደ ታች ይዘቅጥና ላዩ ቀጭን፣ ሥሩ ወፍራም ይሆናል፤ እንጀራውም ሲታጠፍ ይሰበራል።

ከወፍጮ የወጣ ዱቄት ትኩስ ነው። እንደታሰረ ካደረ ያልበዋል፣ ይጓጉላል፣ ነቀዝም ይወደዋል። ቤት እንደደረሳችሁ ንጹሕ አንሶላ ላይ ዘርጉትና ሁለት ሰዓት አቀዝቅዙት፤ ከዚያ በኋላ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት።

ውሃና እርሾ

በዚህ መጠን 5 ኪሎ ዱቄት 11 ሊትር ገደማ ውሃ ይጠጣል። ከዱቄቱ ክብደት ከእጥፍ በላይ ነው ማለት ነው፤ ስለ ጤፍ የሚጨነቅ ሰው ስለ ውሃውም መጨነቅ አለበት። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ ከበረታ እርሾውን ያዳክመዋል፤ ባልዲ ላይ ክዳኑን ከፍታችሁ ብታሳድሩት ሽታው ይበናል። በስምጥ ሸለቆ አንዳንድ የጉድጓድ ውሃ ላይ፣ ወንጂ አካባቢን ጨምሮ፣ ፍሎራይድ ይበዛል። ፍሎራይድ በማፍላት አይጠፋም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር ይከማቻል። ስለዚህ ለቡኮ የተጣራ የቧንቧ ውሃ እያለ የጉድጓድ ውሃ አትጠቀሙ።

እርሾ ማለት ካለፈው ሊጥ ላይ የተጠለለው ቢጫማ ውሃ ነው፤ ውስጡ የሚያቦኩ ፈንገሶችና ሊጡን የሚያኮመጥጡ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ከጎረቤት መለመን ነውር የለውም፤ እርሾ የሚነፍግ ጎረቤትም የለም። ማንም ከሌላችሁ ከባዶ መነሳት ይቻላል፦ 250 ግራም የጤፍ ዱቄት በ400 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ በስስ ጨርቅ ሸፍኑት። በሙቀቱ ወራት በሁለት ቀን፣ በቀዝቃዛው በሦስት በአራት ቀን አረፋ አውጥቶ ይኮመጥጣል። የመጀመሪያው ቡኮ ደከም ያለ ይሆናል፤ ከሦስተኛው ጀምሮ ይጠነክራል።

እርሾ ከአንዱ ቡኮ እስከሚቀጥለው ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ። ጠረጴዛ ላይ በአዳማ ሙቀት ሦስት ቀን የሰነበተ እርሾ አሲዱ በዝቶ፣ የሚያነሳው ግን ደክሞ ያገኛችሁታል።

ማቡካት

የሚያስፈልገው 20 ሊትር የሚይዝ ቡሃቃ ወይም የምግብ ባልዲ ነው። የቀለም ባልዲ በምንም ቢታጠብ አይሆንም፤ ሊጡ አሲድ ስለሆነ ከፕላስቲኩ የቀረውን ያወጣል።

ዱቄቱን ንፉት። 3 ብርጭቆ፣ ማለትም 750 ሚሊ ሊትር እርሾ አዘጋጁ፤ ከየካቲት እስከ ሰኔ ግን 2 ብርጭቆ ይበቃል። እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው፦ ሙቀት ባለበት እርሾ ማብዛት እሳት ላይ ቤንዚን መጨመር ነው። እርሾውን ከ5 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ቀላቅሉ፤ ውሃውን ዱቄቱ ላይ በአንዴ ሳይሆን በአራት በአምስት ጊዜ እያፈሰሳችሁ በቡጢ እሹት። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መታሸት አለበት። እጃችሁን ስታወጡት ጓል ካልያዘ፣ ሊጡም ከእጅ ላይ ተያይዞ ከወረደ በቅቶታል። ቀጥላችሁ 3 ሊትር ውሃ ጨምሩና አላሉት። የባልዲውን ዳር ዳር በእርጥብ እጅ ጠርጉ፤ ዳር ላይ የደረቀ ሊጥ የሻጋታ መነሻ ነው። ሳታጠብቁ ክደኑት።

በሙቀቱ ወራት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የተቦካ ሊጥ በማግስቱ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ለአብሲት፣ ማለትም ከሊጡ ተቀንሶ በውሃ በስሎ ወደ ሊጡ ለሚመለሰው፣ ይደርሳል። ይህ ሰዓት ሌላም ጥቅም አለው፤ ፀሐይ ሳትበረታ ጋግራችሁ ትጨርሳላችሁ። ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ከ36 እስከ 48 ሰዓት ስጡት። ባልዲውን ሲሚንቶ ወለል ላይ ማስቀመጥ ያቀዘቅዘዋል፣ ጠረጴዛ ላይ ማውጣት ያሞቀዋል፤ ፍጥነቱን በዚህ መቆጣጠር ይቻላል።

አሁን ሊጡን ማየት ነው። መጀመሪያ ለስድስት ሰባት ሰዓት ዝም ይላል። ከዚያ ላዩ ላይ ትናንሽ አረፋ ይታያል፣ ሊጡ ኩፍ ይላል፣ መሐሉ ያብጥና ስንጥቅ ያወጣል፤ ጆሮ ቢያስጠጉት ድምፁም ይሰማል። በዚህ ጊዜ «ደርሷል» ብሎ የሚጋግር ሰው አፍለኛ እንጀራ ይበላል። አፍለኛ የሚወድ አለ፤ ጣፈጥ ይላል፣ ለሆድ ግን ይከብዳል፣ ቶሎም ይደርቃል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ እብጠቱ ይወርዳል፣ አረፋው ይቀንሳል፣ ሊጡ ወደ ታች ሰፍሮ ላዩ ላይ አንድ ሁለት ጣት የሚሆን ቢጫማ ውሃ ይጠልላል። ሽታው ሹል ያለ ግን ንጹሕ ኮምጣጣ ነው። የአብሲት ሰዓት ይህ ነው።

የጠለለው ውሃ ጠቁሮ፣ ላዩ ላይ ነጭ ስስ ሽፋን ካወጣ ቆይቷል ማለት ነው። ይህ በአዳማ አልፎ አልፎ የማይገጥመው ቤት የለም፤ ሊጡን አትድፉት። ሽፋኑን ገፋችሁ ውሃውን በሙሉ ቀድታችሁ አውጡ። በቀዳችሁት መጠን ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩበትና አንድ ጊዜ አማስላችሁ አንድ ሰዓት አሳርፉት። እንደገና ሲጠልል ያንንም አውጡ። አሲዱ ከውሃው ጋር ይወጣል። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ፀጉር ያለው ሻጋታ ካያችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱ ይጣላል፣ ባልዲውም በፈላ ውሃ ይታጠባል።

አብሲት መጣል

እንደ ስንዴ ሊጥ ተለጥጦ አየር የሚይዝ ግሉተን ጤፍ የለውም። አረፋው እንዳያመልጥ የሚይዘው የበሰለ ስታርች ነው፤ አብሲት ይህን ሥራ ነው የሚሠራው። አብሲት የሌለው እንጀራ ዓይኑ ትንንሽ፣ አካሉም ተሰባሪ ይሆናል።

መጀመሪያ የጠለለውን ውሃ፣ አንድ ሊትር ገደማ፣ ቅዱና 3 ብርጭቆ ለሚቀጥለው እርሾ አስቀሩ። ሊጡን ካማሰላችሁ በኋላ 5 ብርጭቆ አውጡ። ያወጣችሁትን በግማሽ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አቅጥኑት። ድስት ላይ 2.5 ሊትር ውሃ አፍሉ። ሲፈላ የቀጠነውን ሊጥ በቀጭኑ እያፈሰሳችሁ በማማሰያ ሳታቋርጡ አማስሉ። ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይወፍራል፣ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ብልጭ የሚል ገጽ ያወጣል፤ በመጨረሻም እንደ ገንፎ ቡፍ ቡፍ ማለት ይጀምራል። በአዳማ ውሃ 95 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፤ የጤፍ ስታርች ከዚያ ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚበስል ችግር የለውም።

ከእሳት አውርዳችሁ ቆዳ እንዳያወጣ አልፎ አልፎ እያማሰላችሁ አቀዝቅዙ። ጣት ነክራችሁ ሳይለበልባችሁ ማቆየት ስትችሉ፣ 45 ዲግሪ ገደማ ማለት ነው፣ ከሊጡ ጋር ቀላቅሉት። ትኩሱን ከጨመራችሁ እርሾው ይሞታል፤ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ ይጓጉልና ምጣድ ላይ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ይታያል። ቀላቅላችሁ ክደኑት። በሙቀቱ ወራት ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ በቀዝቃዛው እስከ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል።

ሁለተኛው ኩፍታ ፈጣን ነው፤ ዓይናችሁን አታንሱ። ገጹ በመርፌ የተወጋ በሚመስል ቀዳዳ ሲሞላ ምጣዱ ቀድሞ የጋለ መሆን አለበት። ውፍረቱን ለመለካት በጆግ ቀድታችሁ ከላይ አፍስሱ፤ የወረደው መስመር ሊጡ ላይ ሁለት ሦስት ሴኮንድ ታይቶ ከጠፋ ልክ ነው። ቶሎ ከጠፋ ቀጥኗል፣ ሳይጠፋ ከቆየ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጨምሩ። ከዚህ በኋላ በኃይል አታማስሉ፤ እስካሁን የደከማችሁበትን አየር ነው የምታስወጡት።

ምጣዱ

አዲስ የሸክላ ምጣድ ሳይሟሽ አይጋገርበትም። በመጠነኛ እሳት ቀስ ብሎ እየጋለ፣ የተፈጨ ጎመን ዘር እየተነሰነሰበት በጨርቅ ይታሻል። ጎመን ዘሩ ሲያርር ተጠርጎ ይደገማል፤ ገጹ ጥቁርና ለስላሳ እስኪሆን አንድ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። በኃይል የጋለ አዲስ ምጣድ ይሰነጠቃል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሸክላው ሥር ባለው ሽቦ ነው የሚግለው፤ 3.5 ኪሎ ዋት አካባቢ ይወስዳል። በ220 ቮልት ይህ 16 አምፔር ማለት ነው። ለመብራትና ለቴሌቪዥን በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ወይም በማከፋፈያ ገመድ መሰካት የለበትም፤ ሶኬቱ የሚቀልጠው በዚህ ነው። የራሱ መስመር ይኑረው፦ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፣ 20 አምፔር ማቋረጫ፣ እና ምድር የተያያዘ ሶኬት። በእንጨት ለሚጋግር ደግሞ ምርጥ የሚባለው፣ ከሲሚንቶና ከፑሚስ የሚሠራው ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ እንጨቱን በእጅጉ ይቆጥባል፣ ጭሱንም ይቀንሳል።

ምጣዱን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አግሉና በማሰሻ ጥረጉ። ትንሽ ሊጥ ጠብ አድርጉ፤ ወዲያው ዓይን አውጥቶ ከተነሳ ደርሷል። ሳያወጣ እንደ ቅባት ከተኛ አልጋለም፤ ጭሶ ዳሩ ከጠቆረ ከልክ በላይ ጋሏል። የመጀመሪያዋ እንጀራ መቼም የምጣድ ማሟሻ ናት፤ በእሷ አትፍረዱ።

ግማሽ ሊትር ሊጥ በጆግ ቅዱ። ከዳር ጀምራችሁ እየዞራችሁ ወደ መሐል ግቡ፤ መስመሩ ካለፈው መስመር ጋር ይነካካ እንጂ አይደራረብ። እጅ ማቆም አይቻልም፤ ያቆማችሁበት ቦታ ይወፍራል። ዓይኖቹ እንደ አፈሳሰሱ ቅደም ተከተል ከዳር ወደ መሐል ይከፈታሉ። መሐሉ ላይ ዓይን እስኪወጣ፣ ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ሳትከድኑ ቆዩ። የዳሩ እርጥብ ብልጭታ ጠፍቶ መሐሉ ላይ ገና በትንሹ ሲቀር አክንባሎውን ድፉበት። ቀድማችሁ ከከደናችሁ እንፋሎቱ ዓይኑን ይደፍነዋል፤ ዘግይታችሁ ከከደናችሁ ገጹ ደርቆ ይሰነጠቃል። ከአንድ ደቂቃ ተኩል እስከ ሁለት ደቂቃ በኋላ ዳሩ ራሱ ከምጣዱ ይነሳል። ሰፌዱን ከሥሩ አስገብታችሁ ሳብ አድርጉ። አክንባሎው ውስጥ ያጠራቀመውን ላብ እየጠረጋችሁ፣ ምጣዱም ተመልሶ እንዲግል ግማሽ ደቂቃ እየሰጣችሁ ቀጥሉ።

ምን ተበላሸ?

ዓይኑ ድፍን ሆኖ ከወጣ በመጀመሪያ ምጣዱን ጠርጥሩ። ካልጋለ አግሉት። ግሎም ካልወጣ ሊጡ ወፍሯል ወይም ከአብሲት በኋላ አላረፈም፤ ሩብ ሰዓት ጠብቁ። ዓይኑ አንድ ጎን ብቻ ካለ ምጣዱ ተንጋዷል ወይም አንዱ የሽቦ መስመር ተቃጥሏል።

ጀርባው ነጭና ጥሬ ሆኖ ላዩ ከበሰለ እሳቱ አንሷል። ጀርባው ካረረና ላዩ ካልበሰለ በዝቷል። ምጣድ ከያዘ ጎመን ዘር አሹበት፤ ዘይት ለጊዜው ቢያስለቅቅም ሸክላው ጠጥቶት በኋላ ሙጫ ይሆናል። እንጀራው ሲታጠፍ ከተሰበረ አብሲቱ አንሷል ወይም አልበሰለም። ሊጡ ሳይደርስ ቤኪንግ ፓውደር ጨምሮ ዓይን ማውጣት ይቻላል፣ ብዙ ሰውም ያደርገዋል፤ ዓይኑ ይወጣል፣ ጣዕሙ ግን ጥሬ ዱቄት ነው፣ በማግስቱም ይደርቃል።

ሊጡ ደርሶ መብራት ከጠፋስ? ከከተማው አጠገብ ያሉት የነፋስ ተርባይኖች፣ አዳማ አንድ 51፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት ተብለው የተተከሉት፣ ከጓሮ ይታያሉ፤ ምጣዳችሁ ግን ያን ጊዜም ቀዝቅዞ ሊጠብቃችሁ ይችላል። አብሲት ካልጣላችሁ ቀላል ነው፦ የጠለለውን ውሃ ቀድታችሁ በቀዝቃዛ ውሃ ተኩና ባልዲውን ቀዝቃዛ ወለል ላይ አድርጉ፤ ግማሽ ቀን ትገዛላችሁ። አብሲት ከጣላችሁ በኋላ ከሆነ ፍሪጅ የሚገባውን ያህል አስገቡ፣ የቀረውን በእንጨት ወይም ምጣድ ያለው ጎረቤት ጋ ጋግሩ። ስለዚህ አብሲት ከመጣላችሁ በፊት መብራት መኖሩን አረጋግጡ።

ማቆየት

እያንዳንዱን እንጀራ ሰፌድ ላይ አምስት ደቂቃ አቀዝቅዛችሁ ነው መደራረብ። ትኩስ በትኩስ ላይ ከተደረደረ ይጣበቃል፤ ፌስታል ውስጥ ከገባ ደግሞ በአዳማ ሙቀት በሦስተኛው ቀን ይሻግታል። መሶቡን ንጹሕ ደረቅ ጨርቅ አንጥፉበት፣ ጨርቁንም በየቡኮው እጠቡ። በሙቀቱ ወራት የሁለት ሦስት ቀን ብቻ ጋግሩ፤ ለሳምንት መጋገር የደጋ ልማድ ነው። የሻገተ እንጀራ ነጥቡን ቆርጦ መብላት አይገባም፤ ሥሩ ከሚታየው በላይ ተሰራጭቷል።

ለሽያጭ ለሚጋግር

በዚሁ ሂሳብ አንድ ኩንታል ከ500 እስከ 600 እንጀራ ይወጣዋል። ከግማሽ ሊትር ወደ 400 ሚሊ ሊትር ሊጥ ዝቅ ያለ ጋጋሪ ቁጥሩን ከመቶ በላይ ይጨምራል፤ ሱቅ ላይ በቁጥር ስትገዙ የምትከፍሉት ለዚህ ልዩነት ጭምር ነው። በእጅ አንስታችሁ ብርሃን ላይ ያዙት፤ ጣታችሁ ማዶ ከታየ ቀጥኗል።

የጤፍ ዋጋ ሲወጣ ሩዝና ነጭ ማሽላ መደባለቅ የተለመደ ሆኗል። በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ሳይናገሩ በጤፍ ዋጋ መሸጥ ነው ችግሩ። ከአምስት እጅ አንዱን ሩዝ ማድረግ እንጀራውን ያነጣዋል፣ ትኩስ ሲበላም ብዙ አይታወቅም። ማታ ላይ ግን ይታወቃል፦ የሩዝ ስታርች ሲቀዘቅዝ ቶሎ ስለሚጠነክር እንጀራው ይደርቃል፣ ጥቅል ሲደረግ ይሰነጠቃል። ማሽላም እንዲሁ ነው። የምትደባልቁ ከሆነ አብሲቱን በሩብ ጨምሩ፣ የዕለቱንም በዕለቱ ሽጡ። ወደ ውጭ የሚላከው ሌላ ገበያ ነው፤ መንግሥት በ2006 እ.ኤ.አ. የጤፍ እህልና ዱቄት ከአገር እንዳይወጣ ሲከለክል የተጋገረውን እንጀራ ግን አልከለከለም፤ በአውሮፕላን የሚሄደው ንግድ የሰፋውም በዚያ በር ነው።

የተረፈውን አትጣሉ። የአዳማ ፀሐይ ሊጥ ላይ ብትከፋም ለድርቆሽ ታስፈልጋለች፦ እንጀራውን ሳይሻግት በትናንሹ ቆራርሱ፣ ወንፊት ወይም ሰፌድ ላይ አሳስታችሁ ዘርጉ፣ ከአቧራ በስስ ጨርቅ ጋርዱት። ከጠዋት እስከ ማታ ባለው ፀሐይ ይደርቃል፤ ሲሰበር ቀጭ ካላለ በማግስቱ ድገሙት፣ ከዚያ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት። ውስጡ እርጥበት የቀረበት ድርቆሽ ከነዕቃው ይበላሻል።